ቅንጡ የኤሌክትሪክ መኪና፦ ይለወጥ ወይስ ይቆይ?



በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ ለብዙዎቻችሁ የሌላ ሰው ችግር ሊመስላችሁ ይችላል። እኛ በምናስተምርበት በሐይቅ ከተማ ባጃጅና አይሱዙ እንጂ ቅንጡ የኤሌክትሪክ መኪና በየበሩ ቆሞ አይታይም። ይሁን እንጂ የሐይቅና የአምባሰል ልጆች በአዲስ አበባ፣ በጅዳ፣ በሪያድና ከዚያም አልፎ በአሜሪካ ተበትነው የሚነግዱና የሚሠሩ ስለሆኑ፣ የእነርሱ ሒሳብ ዞሮ ዞሮ እዚሁ እኛው ቤት ይገባል። እዚያ አንድ ሚሊዮን ብር ያለአግባብ ሲወጣ፣ እዚህ ሊሠራ የታሰበ ቤት ቆርቆሮ ሳይለብስ ክረምት ይገባበታል።

ጥያቄውን ያቀረቡልን የሐይቅ ተወላጅ የሆኑና መርካቶ የሚነግዱ አንድ ወንድማችን ናቸው። በ2016 ዓ.ም. አንድ ቅንጡ የኤሌክትሪክ መኪና በ5 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ገዙ። አሁን አንድ መኪና ነጋዴ ይህንኑ መኪና በ3 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ሒሳብ ተረክቧቸው፣ 2 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ጨምረው አዲሱን ሞዴል እንዲወስዱ ሐሳብ አቅርቦላቸዋል። በእጃቸው ያለው ጥሬ ገንዘብ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ሲሆን ከዚያም ውስጥ ከፊሉ ሐይቅ የሚገኙትን እናታቸውን ሐጅ ለመላክ የተቀመጠ ነው። ባለቤታቸው «ያለው መኪና ምን ጎደለው?» ይላሉ። ታናሽ ወንድማቸው ደግሞ «አያ፣ ብር እየወደቀ ነው፤ ገንዘብ ከምታስቀምጥ ንብረት ያዝበት» ይላቸዋል። የሁለቱም አባባል ክብደት ያለው ነው፤ ስለሆነም አንዱን በችኮላ ባንጥለው ይሻላል።

በመጀመሪያ ነገሩ ለምን እንዳስደነገጣቸው እንረዳ። በአገራችን መኪና ያረጃል እንጂ ዋጋው ይወርዳል የሚባል ነገር አልተለመደም ነበር። አባቶቻችን ቶዮታ ገዝተው አሥር ዓመት ነድተው ከገዙበት በላይ ሲሸጡ አይተን አድገናል። ምክንያቱ የመኪናው ተአምር አልነበረም። የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነበር፤ ቀረጡ ከባድ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ደግሞ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ስለጣለ፣ አገር ውስጥ ቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና ሁሉ በአንድ ጊዜ ተወደደ። ብሩም በየጊዜው ይረክስ ነበር። ስለዚህ መኪና እንደ መሬትና እንደ ወርቅ የገንዘብ ማስቀመጫ ሆኖ ቆየ። ወንድማችንም የኤሌክትሪክ መኪናውን ሲገዙ በልባቸው የነበረው ይኸው የቶዮታ ሒሳብ እንደሆነ ከአጠያየቃቸው ይታወቃል።

የኤሌክትሪክ መኪና ግን በሌላ በር ነው የገባው። በ2014 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ ከኤክሳይስ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርጎ፣ ተገጣጥሞ ያለቀለቱ 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍል፣ ሙሉ በሙሉ ተፈታቶ የሚመጣው ደግሞ ምንም እንዳይከፍል ተደረገ። ቀጥሎም በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ እርምጃ ስትወስድ ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ናት። አስመጪው ሁሉ ፊቱን ወደ ቻይና አዞረ። ቢዋይዲው፣ የቮልስዋገን አይዲ ፎርና አይዲ ሲክሱ ጎዳናውን ሞላው። (አይዲ ሲክስ የሚባለው ለቻይና ገበያ ብቻ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ቢሆንም አዲስ አበባን እንደ ትውልድ አገሩ ተላምዷታል!)

ዕቃ ሲበዛ ዋጋ ይወርዳል። በዚህ ላይ የቻይና ፋብሪካዎች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ እርስ በርስ የዋጋ ፉክክር ውስጥ ገብተው፣ በየዓመቱ ረጅም መንገድ የሚሄድና ቶሎ ቻርጅ የሚሆን ሞዴል ቀድሞ በነበረው ዋጋ ወይም ከዚያ ባነሰ ያወጣሉ። አዲሱ ሲረክስ አሮጌው በተሸጠበት ዋጋ ሊቆም አይችልም። ቅንጡ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ምክንያቱም ውድ መኪና የሚገዛ ሰው አቅሙ ስላለው አዲሱን ነው የሚፈልገው፣ አቅም የሌለው ደግሞ ያገለገለውንም ቢሆን አይደፍረውም።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በጥር 2015 ዓ.ም. ቴስላ የአዳዲስ መኪኖቹን ዋጋ በአሜሪካና በአውሮፓ እስከ 20 በመቶ ሲቀንስ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዋጋ የገዙ ሰዎች መኪናቸው በራቸው ላይ እንደቆመ ዋጋው ወረደባቸው። ሄርትዝ የተባለው የአሜሪካ መኪና አከራይ ኩባንያም በብዛት ከገዛቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች 20 ሺህ የሚሆኑትን ሊሸጥ መወሰኑን አስታወቀ። መቼ? በዚያው በጥር 2016 ዓ.ም.! እኛ በሩን ስንከፍት አሜሪካዊው ነጋዴ ኪሳራውን ቆጥሮ እየወጣ ነበር። ይህን የምንለው የኤሌክትሪክ መኪና መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ታላቁ የሕዳሴ ግድባችን ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ባለን አገር፣ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋም በዚያው ዓመት ከ100 ብር ባለፈበት ጊዜ፣ በኤሌክትሪክ መሄድ ብልህነት ነው። የምንለው፣ መኪናው ጥሩ አገልጋይ እንጂ ጥሩ የገንዘብ ማስቀመጫ አለመሆኑን ነው።

አሁን ወደ ወንድምየው አባባል እንምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር አለፈ። (በጥቁር ገበያ ግን ቀድሞውንም ከ100 ብር በላይ ነበር።) ስለዚህ ብር ይዞ መቀመጥ ያከስራል ማለቱ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የራሳቸውን የወንድማችንን መኪና እንመልከት። ብሩ እንደዚያ ረክሶ እያለ እንኳ መኪናው በብር ሲቆጠር 1 ሚሊዮን 600 ሺህ አጥቷል። ቶዮታው ብሩ ሲወድቅ ይወጣ ነበር፤ ይህኛው ከብሩ ጋር አብሮ ይወርዳል። ገንዘብን ከመርከስ ለማዳን ብሎ ከብር ፈጥኖ የሚረክስ ነገር መግዛት ምን ይባላል? ወንድምየው «ንብረት» ያለው ለሱቅ የሚሆን ሸቀጥ ወይም ሐይቅ ላይ የተጀመረ ቤት ቢሆን ኖሮ እኛም ከእርሱ ጋር በቆምን ነበር።

እስቲ ደብተር አውጥተን እንቁጠረው። የጠፋው 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ጠፍቷል፤ ቢለውጡም ባይለውጡም አይመለስም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ «በኪሳራ አልሸጥም» ብሎ የማያስፈልገውን መኪና ታቅፎ ይቀመጣል፣ ሌላው «ሳይብስ ላምልጥ» ብሎ ወደ ባሰው ይገባል። መጠየቅ ያለበት ከዛሬ በኋላ የሚሆነው ነው። ለምሳሌ ያህል እንገምት፦ አሁን ያለው መኪና ከሦስት ዓመት በኋላ ከ3 ሚሊዮን 600 ሺህ ወደ 2 ሚሊዮን 200 ሺህ ቢወርድ ኪሳራው 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ነው። አዲሱ ደግሞ 6 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር የሚያወጣ ሲሆን ወደ 3 ሚሊዮን 800 ሺህ ቢወርድ ኪሳራው 2 ሚሊዮን 600 ሺህ ይሆናል። መኪና አብዝቶ የሚረክሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነውና ግምታችን የተጋነነ አይመስለንም። ልዩነቱ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር፣ በ36 ወር ሲካፈል በየወሩ ከ33 ሺህ ብር በላይ ማለት ነው። ይህ ለአዲስነቱ ብቻ የሚከፈል ኪራይ ነው። ከእኛ ከአስተማሪዎች የወር ደመወዝ በእጅጉ ይበልጣልና እጃችን ሲጽፈው ተንቀጥቅጧል።

ለዚህ ኪራይ ምን ያገኛሉ? እሳቸው የሰጡን ዋነኛ ምክንያት «አዲሱ በአንድ ቻርጅ ሐይቅ ያደርሰኛል» የሚል ነው። ይህ እኛንም ደስ የሚያሰኝ ምክንያት ስለሆነ ጠጋ ብለን አየነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደሴ ሐይቅ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨመርበታል። አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ከ18 እስከ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢበላ፣ 77 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከ385 እስከ 430 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ስለዚህ የአሁኑ መኪና ሐይቅ አፋፍ ላይ ሊያቆማቸው ይችላል። መንገዱም ሜዳ አይደለም። ደብረ ብርሃንን አልፈው ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣሉ፤ ከዚያ ሸዋ ሮቢት ቆላ ድረስ ቁልቁል ሲወርዱ መኪናው ከፍሬኑ ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጡ ደግሞ የመለሰውን መልሶ ይበላዋል። አዲሱ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ቢጨምርላቸው በእርግጥ ሐይቅ ይገባሉ።

ግን ስንት ጊዜ ነው የሚመጡት? ራሳቸው እንደነገሩን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ያውም ባለፉት ዓመታት በመንገዱ የጸጥታ ሁኔታ ምክንያት እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ነው። መኪናው የሚውለው ከቤት መርካቶ፣ ከመርካቶ ልጆች ትምህርት ቤት ነው። ለዚህ ሳምንት ሙሉ አንድ ቻርጅ ይበቃቸዋል። ሐይቅ ከደረሱም በኋላ ቢሆን፣ በተራ የቤት ሶኬት 2 ኪሎ ዋት ገደማ እየሳበ የሚሞላ 77 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ይፈጃል፤ ያውም መብራቱ ካልጠፋ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የከፈተው ዓይነት ፈጣን የቻርጅ ጣቢያ በመንገዳቸው ሁሉ ቢኖር ኖሮ የአሁኑ መኪናም ባልከለከላቸው ነበር። የጎደለው ጣቢያው ነው፤ እሳቸው ግን ሊለውጡ ያሰቡት መኪናውን ነው።

የእኛ አስተያየት እንግዲህ ግልጽ ነው፤ መኪናው ይቆይ። ይህን ስንል ግን አንድ ነገር ቀድሞ መታየት አለበት፣ እርሱም ባትሪው ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ በአማካይ በዓመት 2 በመቶ አካባቢ አቅሙን ያጣል፤ ስለዚህ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት መኪና ከ90 በመቶ በላይ ሊቀረው ይገባል። ይህን በኮምፒዩተር የሚለካ ጋራዥ አዲስ አበባ ውስጥ አይጠፋም። ውጤቱ ከ80 በመቶ በታች ከሆነ ወይም አደጋ ደርሶበት ባትሪው ሳጥን ተመትቶ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። በአምራቹ ሳይሆን በግል አስመጪ እጅ ለገባ መኪና እዚህ አገር የአምራች ዋስትና ስለማይኖረው፣ እንዲህ ያለውን መኪና ይዞ ከመቆየት መለወጡ ይሻላል። ሲለውጡ ግን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች፣ ጭማሪ ወደማይጠይቅ አነስተኛ መኪና ይሁን። መኪናውን ለሥራ የሚጠቀም፣ በቀን 200 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰውም ቢጠይቀን መልሳችን ሌላ በሆነ ነበር፤ እርሱ ከቤንዚን በሚያተርፈው ገንዘብ ኪራዩን ሊሸፍን ይችላልና።

ስለ ጭማሪው ገንዘብ ሳንናገር አናልፍም። በእጃቸው 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ካለ የጎደለው 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ከየት ሊመጣ ነው? ነጋዴው «በወለድ ብድር እናመቻቻለን» ማለቱን ጽፈውልናል። ለቅንጦት ብሎ ሪባ ውስጥ መግባት ለሙስሊም የሚታሰብ አይደለም። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፣ ሂጅራ ባንክም ከተከተለ ወዲህ «አማራጭ አጣሁ» የሚለው ቃል እየሳሳ መጥቷል። በሙራባሓ ባንኩ መኪናውን ራሱ ገዝቶ የራሱ ካደረገ በኋላ በታወቀ ትርፍ ይሸጥልዎታል። ሆኖም ሐላል ዕዳም ዕዳ ነው፤ የእናት ሐጅ እያለ ለማያስፈልግ መኪና የሚገባበት ዕዳ አይደለም። መኪናን በመኪና ለውጦ ልዩነቱን በገንዘብ መክፈሉ ግን በራሱ ችግር የለበትም።

ዘካትም አለ። የሚነዱት መኪና ምንም ያህል ውድ ቢሆን ዘካት የለበትም፤ ያ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ግን ኒሷብ ከደረሰና ዓመት ከሞላው 40 ሺህ ብር ይወጣበታል። ለመሸጥ ብሎ መኪና የገዛ ነጋዴ ደግሞ ዘካቱን የሚያሰላው በገዛበት ሳይሆን በዕለቱ የገበያ ዋጋ ነው። ዋጋው ከወረደ ዘካቱም ይቀንሳል ማለት ነው።

በመጨረሻ፣ መኪናውን ለመሸጥ ወይም ለመለወጥ የሚወስን ሁሉ የባትሪውን ውጤት፣ አደጋ ደርሶበት ከነበረም ያንኑ፣ ገዢው ሳይጠይቅ ይንገር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ውስጡ ርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ ሻጩን እንደገሠጹት ሁላችን ሰምተናል። ርጥቡ እህል እጅ በማስገባት ይታወቃል፤ የባትሪ ድካም ግን ባለቤቱ ካልተናገረ ለገዢው የሚታወቀው ሊብሬው በስሙ ዞሮ ከርሞ ነው። ደላላው «አትንገር፣ ዋጋ ይሰብራል» ቢልዎትም ይንገሩ። ወንድማችንም የምርመራውን ውጤት ቢልኩልን፣ ስማቸውን ሳንጠቅስ በሚቀጥለው ወር ለአንባቢያን እናካፍላለን።