ፎክረንበት ያላነበብነው ብረት

በጠመንጃ እንፎክራለን፣ ስለ ጠመንጃ እናቅራራለን፣ ጠመንጃ ግን አናነብም። ሰርግ ላይ አንዱ ይነሳና ምንሽር፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ ሰናድር፣ ቤልጅግ እያለ ይደረድራል፤ ቤቱ በእልልታ ይናጣል። እስቲ ከዚያ ሁሉ አንዱን ነጥላችሁ «ውጅግራ ግን ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «የድሮ ጠመንጃ ነዋ!» ትባላላችሁ። በቃ፣ እውቀታችን እዚያ ላይ ያልቃል።

የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ እንጀራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። ያደግሁት አምቦ ነው። በሙያዬ አንድ ነገር ያመኛል፦ መለያ ቁጥሩ ያለ መረጃ፣ ቅጂ ሳይያዝለት ሲጠፋ። በምዕራብ ሸዋ ከተሞችና መንደሮች፣ እንደ አገርም፣ በአሮጌ ጠመንጃዎቻችን ላይ እየሠራን ያለነው ይህንኑ ነው።

«ብረት ምኑ ይነበባል?» ለምትሉኝ፣ ሁሉም ነገሩ ይነበባል። ውጅግራ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ግራ የሰው ስም ነው፤ ባዚል ግራ የሚባል የፈረንሳይ መኮንን። የፈረንሳይ ጦር መሣሪያውን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1874 ነው፤ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት አንድ በአንድ እየጎረሰ ይተኩሳል። ለበን የምንለው የ1886ቱ ሌበል ነው፤ 8 ሚሊ ሜትር፣ ጭስ አልባ ባሩድ ይዞ የመጣ። ሰናድር የእንግሊዙ ስናይደር ሲሆን የጥይት ቤቱ ክዳን እንደ ሳጥን ወደ ቀኝ ይከፈታል። ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊከር፣ ቤልጅግ ደግሞ ከቤልጅየም። የጣሊያኑን ቬተርሊ አፈሙዙን ሳይሆን የአፈሙዙን ሥር እዩት፤ ቶሪኖ፣ ብሬሻ፣ ቴርኒ ወይም ቶሬ አኑንዚያታ ከሚሉት የአንዱ ከተማ ስም ከነዓመተ ምሕረቱ ተመቶበታል። አያቶቻችን እነዚህን የባዕድ ስሞች በጆሯቸው ሰምተው አማርኛ አደረጓቸው። እኛ ቃሉን ወረስን፣ ትርጉሙን ግን ጣልነው።

ወደ ኖርዌይ እንሻገር። እዚያ አሮጌ ወታደራዊ ጠመንጃ የሚሰበስብ ሰው አንድ ክራግ እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚፈልገው ኮንግስበርግ የሚለውን የፋብሪካ ስምና የተሠራበትን ዓመት ነው። ቀጥሎ የአካሉን ቁጥር ከመቀርቀሪያው ቁጥር ጋር ያስተያያል። ከገጠመ ጠመንጃው ከፋብሪካ እንደወጣ ቆይቷል፤ ካልገጠመ አንድ ቦታ ላይ አንድ ሰው ጠግኖታል። ለሱ ይህ የቅዳሜ ከሰዓት መዝናኛ ነው። ግን ልብ በሉ፦ ከክራግ በፊት ኖርዌይና ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1867 የተቀበሉት ጠመንጃ የአሜሪካኑን የሬሚንግተን አሠራር የያዘ ነበር። ግብፅም ሠራዊቷን በሬሚንግተን አስታጥቃ ላከችብን። ዐፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ድል ሲያደርጉ ያ ሬሚንግተን በገፍ ተማረከ። እና ኖርዌጂያኑ በጨርቅ እየወለወለ የሚያነበው ጠመንጃ ወንድም እኛም ቤት ነበር። የሱ ወንድም ተመዘገበ፣ የእኛው ተረሳ።

የእኛው መሬት ደግሞ ለዚህ ታሪክ ዳር አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ሆለታ አለች፤ በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች የጦር ትምህርት ቤት የከፈቱባት። አለፍ ሲል ምኒልክ ከአድዋ ድል በኋላ ዋና ከተማ ሊያደርጓት ያሰቧት አዲስ ዓለም። ቀጥሎ የጊንጪ አገር፤ ኋላ ጄኔራል የሆኑት፣ «የበጋው መብረቅ» የተባሉት ጃገማ ኬሎ ገና በ15 ዓመታቸው ግድም ጫካ የገቡበት። አርበኛ መንግሥት አላስታጠቀውም፤ ያገኘውንና የማረከውን ነው የተኮሰው። ስለዚህ በዚህ አገር አንድ ቤት ጣሪያ ሥር የፈረንሳይ፣ የጣሊያንና የቤልጅየም ብረት ጎን ለጎን ቢገኝ አይገርምም። ማን ከማን እንደተዋጋ፣ መሣሪያ ከየት በየት እንደገባ የሚነግረን ያ ድብልቅ ነው።

ከአምቦ ወጣ ባለች ከተማ (ስሟን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ) አንድ አዛውንት የአባታቸውን ቀዌ አሳዩኝ። «ምንሽር ነው ልጄ፤ አባቴ ከጣሊያን የማረከው» አሉኝ። በስልኬ መብራት አየሁት፦ ሴንት ኤቲየን፣ የ1874 ሞዴል። «አባባ፣ ይሄ እኮ ውጅግራ ነው። ፈረንሳይ የሠራው፣ ከማይጨው 60 ዓመት ገደማ የሚቀድም» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያው የአባቴ አባት ይሆናላ!» አሉ። ጠመንጃው አድዋ ነበር አላልኳቸውም፤ ማኅተም ያንን አይናገርም። ግን አንድ መስመር ጽሑፍ የአንድን ቤት ታሪክ በአንድ ትውልድ ወደ ኋላ ወሰደው። ሰደፉ ተሰንጥቆ በጥሬ ቆዳ ታስሯል። ቆዳው ደርቆ እንደ ብረት ጠንክሯል።

ያ ቆዳ ነው የሚያበሳጨኝ። ባለፉት ዓመታት አሜሪካ ውስጥ የኢትዮጵያ አሮጌ ጠመንጃዎች በጅምላ ገብተው በአደባባይ ተሸጠዋል፤ ውጅግራ፣ ቬተርሊ፣ ካርካኖ፣ ማውዘር። «ከኢትዮጵያ የመጣ» መባሉ ራሱ የገበያ ማሻሻጫ ሆኗል። ገዢው ማኅተሙን ያነባል፣ ፎቶ ያነሳል፣ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። እሰየው፣ ቢያንስ አንድ ሰው አነበበው! ግን ሌላው ገዢ ቆዳውን ቀዶ ይጥለዋል፤ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ እንደ አዲስ ያደርገዋል። ፋብሪካው የጻፈው ይቀራል፣ እኛ የጻፍነው ይፋቃል። ያንን ሳጥን ከመታሸጉ በፊት ከፍቶ ቁጥሩን የገለበጠና ለሕዝብ ያሳየ ማን ነው? መዝገቡ ካለ የት ነው ያለው?

ሕግ አልጠፋም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብና ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይላል። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ የጦር መሣሪያን ይቆጣጠራል። ውጅግራው ግን በሁለቱ መሃል ወድቋል፦ ለቅርስ ሰው መሣሪያ ነው፣ ለፖሊስ ደግሞ ጊዜ ያለፈበት ብረት ነው። ሁለቱም አያነቡትም።

«ሰው እየሞተ ስለ አሮጌ ብረት ታወራለህ?» የሚለኝ አለ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ በምዕራብ ሸዋ ተኩስ ተረት አይደለም። ግን ዛሬ የሚገድለው ክላሽ እንጂ የ1874ቱ ሞዴል አይደለም፤ ጥይቱን ማን ያገኘዋል? ይልቅ ይህ ግጭት ነው አሮጌውን ብረት ቶሎ የሚያጠፋው። ባለቤቱ መንግሥትንም ታጣቂውንም ይፈራል፤ ይቀብረዋል፣ ይቆርጠዋል፣ ለብረት ለቃሚ ይሰጠዋል። ሁሉም ሰው ቤቱ ጠመንጃ ያስቀምጥ እያልኩ አይደለም። መሣሪያው ይሰብሰብ ከተባለ ይሰብሰብ። ግን ሳይነበብ አይሂድ!

ሥራው ከባድ አይደለም፤ ዳታቤዙን አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ይሠራዋል። የሚያስፈልገው ስድስት ዓምድ ነው፦ የማኅተሙ ፎቶ፣ ፋብሪካና ዓመት፣ የአካልና የመቀርቀሪያ ቁጥር፣ የአፈሙዙ ስፋት በሚሊ ሜትር፣ የጥገናው ምልክት፣ ባለቤቱ የሚናገረው ታሪክ። የባለቤቱ ስም አይጻፍም፤ ቦታም ከወረዳ አይወርድም። ምክንያቱም ሰው የሚያምነው የማያጋልጠውን መዝገብ ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ መዝገቡ ፖሊስ ጣቢያ መሆን የለበትም፤ ቦታው ዩኒቨርሲቲ ወይም ሙዚየም ነው። አምቦ ዩኒቨርሲቲ እዚያው አፍንጫችን ሥር ነው፤ የታሪክ ተማሪ አለው፣ የኮምፒውተር ተማሪም አለው።

ምንሽሩን በፉከራ እየጠራን በኪሎ መሸጥ ነውር ነው። ለሚቀጥለው ፎካሪ ቢያንስ የሚፎክርበትን ነገር ምንነት እናቆይለት።