«ጸሎቴን አላቋረጥኩም እያልኩ እናቴን መዋሸት ሰለቸኝ»

ለዛሬ የመረጥነው ደብዳቤ ከደብረ ማርቆስ የተላከልን ነው። ጸሐፊዋ የ21 ዓመት ወጣት ናት። እንደ ልማዳችን ስሟን አንጠቅስም። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን እነሆ፦

«የተወለድኩት ከማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። ከተማ ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው። የምኖረው የእናቴ ዘመድ ቤት ሲሆን ቀን የእሷን ሱቅ እጠብቃለሁ፤ ማታ ኮሌጅ እማራለሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ሱቅ እከፍታለሁ፤ ቤት የምገባው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ከቤት ስወጣ እናቴ ፊደል ባትቆጥርም አንድ ውዳሴ ማርያም በነጠላ ጠቅልላ ሰጥታኝ ነበር። መጀመሪያ አካባቢ ጠዋት ጠዋት እደግም ነበር። ኋላ ሥራውም ትምህርቱም ሲበዛ እየተውኩት መጣሁ። ባለፈው ዓቢይ ጾም ‹ከእንግዲህ የዕለቱን ዳዊትና ውዳሴ ማርያም ሳልደግም ከቤት አልወጣም› ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። በአሥረኛው ረፈደብኝ። በነጋታው የሁለቱን ቀን አንድ ላይ ልድገም ብል አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ በቃ መጽሐፉን መግለጥ ራሱ አሳፈረኝ። እናቴ በስልክ ‹ጸሎትሽን ታደርሻለሽ አይደል?› ስትለኝ ‹አዎ እማዬ› እላታለሁ። ውሸቱ ሰለቸኝ። እግዚአብሔርን ትቼዋለሁ ማለት ነው? ምን ላድርግ?»

መልሳችን፦

እኅታችን፣ ደብዳቤሽን ደጋግመን አነበብነው። መጀመሪያ አንድ ነገር እንበልሽ። እግዚአብሔርን ፈጽሞ የተወ ሰው መጽሐፍ መግለጥ አያፍርም፤ ስለ ጸሎት እናቱን መዋሸቱም አይከነክነውም። አንቺን ከንክኖሻል። ስለዚህ «ትቼዋለሁ» የሚለውን ወዲያ አድርጊውና ነገሩ እንዴት እንደተበላሸ እንይ።

ገጠር ሳለሽ ጸሎትሽን የሚያስታውስሽ ብዙ ነበር። ደወል ሲደወል ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። ረቡዕና ዓርብ መሆኑን ድስቱም ያውቀዋል። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም እየተባለ ወሩ ራሱ በበዓል ይቆጠራል። ሰንበት ሲሆን በሬ አይጠመድም። የማኅበር ቀን ሲደርስ ጎረቤት «ነይ እንጂ!» ይላል። ያኔ ትጸልዪ የነበረው ብቻሽን በርትተሽ አይደለም፤ አገሩ በሙሉ አብሮሽ ነበር።

ከተማ ስትገቢ ይህ ሁሉ ቀረ። ደወሉስ አለ። ድሮ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማችሁ የዛሬውን ስሟን ያገኘችው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ካሠሩት የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ግን ደወሉ ቢሰማሽም ቀንሽን የሚያዝዘው እሱ አይደለም። ቀንሽን የሚያዝዙት የሱቁ ቁልፍ፣ የክፍሉ ሰዓትና ስልክሽ ናቸው። ማንም «ጸለይሽ?» ብሎ በማይጠይቅበት ቦታ ጸሎት በትርፍ ጊዜ ይደረጋል ከተባለ፣ ትርፍ ጊዜ ደግሞ አይገኝም።

እስቲ እናትሽን አስቢያቸው። ከአንቺ ያነሰ ሥራ አላቸው? ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ መጋገር፣ ማለብ፣ በመኸር ደግሞ አጨዳና ውቂያ አለ። ጊዜ ተርፏቸው አይደለም የሚጸልዩት። ገና ሲነሱ ያማትባሉ፤ ሊጥ ሲያቦኩ በስመ አብ ይላሉ፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፉ ይሳለማሉ። ጸሎታቸው ከሥራቸው ጋር ስለታሰረ ሥራው በመጣ ቁጥር ጸሎቱም አብሮ ይመጣል።

የአብነት ተማሪውም እንደዚሁ ነው። በእነዲማ፣ በእነዋሸራ፣ በእነደብረ ኤልያስ የሚማር ልጅ ቁራሽ ለምኖ ያድራል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ የኔታን ያገለግላል። የትምህርቱ ሰዓት ግን የታወቀ ነው። «ሲመቸኝ እማራለሁ» ቢል ኖሮ በጎጃም ምድር ዳዊትን በቃሉ የያዘ ልጅ ባልተገኘ ነበር።

አሁን ወደ ቃልሽ እንምጣ። ዘጠኝ ቀን ቆይተሽ መውደቅሽን እንደ ስንፍና ቆጥረሽዋል። እኛ ግን መጠኑ የበዛብሽ ይመስለናል። መዝሙረ ዳዊት በቀን ሲከፈል የሰኞ ድርሻ ከ1 እስከ 30፣ የማክሰኞ ከ31 እስከ 60 ነው። ረቡዕ 20፣ ሐሙስ 30፣ ዓርብና ቅዳሜ ሃያ ሃያ መዝሙር አላቸው። ይህ የለመደ ደጋሚ ድርሻ ነው። አንቺ 1 ሰዓት ተኩል ሱቅ የምትከፍቺ ልጅ፣ በዚያ ላይ ውዳሴ ማርያም ጨምረሽ፣ በአንድ ጊዜ ከምንም ተነስተሽ ያዝሽው። «የሁለቱን ቀን አንድ ላይ» ስትዪ ደግሞ እስከ 60 መዝሙር ሊደርስብሽ ነው። ማን ይችለዋል?

አንድ ነገር ልብ በይ። ውዳሴ ማርያም ከሰኞ እስከ እሁድ በሰባት ቀን የተከፈለ ነው። ረቡዕ ስትገልጪው የረቡዕን ይሰጥሻል እንጂ «የማክሰኞውን የት አደረግሽው?» ብሎ አይጠይቅሽም። ሱቅ ስለምትውዪ የዱቤ ደብተር ታውቂያለሽ። ጸሎትን በዱቤ ደብተር አትያዢው። ያለፈው ቀን አልፏል፤ ንስሐ ግቢበት እንጂ አታጠራቅሚው። ሰው ከጸሎት የሚርቀው አንድ ቀን ስለቀረበት ሳይሆን የቀረበትን ቀን ዕዳ አድርጎ ሲሸሸው ነው።

እንግዲህ ምን ታድርጊ?

አንደኛ፣ ትንሽ ያዢ፤ ያንን ግን አትልቀቂ። በቀን የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ወይም አንድ መዝሙር ብቻ፣ የምትረጂው በአማርኛው ከሆነ በአማርኛው። መዝሙረ ዳዊት 150 ነው። በቀን አንድ ከደገምሽ በእኛ አቆጣጠር አምስት ወር ገደማ ሲሆን ዳዊትን ጨርሰሽዋል ማለት ነው። 118ኛው ብቻ 176 ቁጥር ስላለው እሱን ከፋፍለሽ በጥቂት ቀን ጨርሺው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ!

ሁለተኛ፣ ጸሎትሽን በየቀኑ ሳታደርጊው ከማትቀሪው ነገር ጋር እሰሪው። ለምሳሌ ፊትሽን ታጥበሽ፣ ስልክሽን ከመንካትሽ በፊት። ስልኩን አንዴ ካነሳሽው ማን ምን ላከ፣ ማን ምን ለጠፈ ስትዪ ያ ሰዓት ሄደ። እንዲቀሰቅስሽ ከፈለግሽ ከአልጋሽ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪው። ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ በዚያ ንጋት ከብርድ ልብስ መውጣት ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ጋቢሽን ተከናንበሽ ቁሚ። ማታ ከትምህርት ደክመሽ ስትገቢ ግን ረጅም ጸሎት አትመኚ፤ አማትበሽ፣ አባታችን ሆይ ብለሽ ተኚ። እንቅልፍሽን ከቀማሽው የጠዋቱንም ታጪዋለሽ።

ሦስተኛ፣ ቀኑን ባዶ አትተዪው። ቤተ ክርስቲያን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜ አላት። ሁሉን ባትችዪ የ6 ሰዓቱንና የ9 ሰዓቱን ያዢ። 6 ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት፣ 9 ሰዓት ነፍሱን የሰጠበት ነው። የሱቁ ሰዓት እዚያ ሲደርስ አንድ አባታችን ሆይ በልብሽ በይ። ደንበኛ ከቆመ ደንበኛውን አስተናግጂ፤ አታስጠብቂው። ነህምያ የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ ነበር። ንጉሡ አርጤክስስ «ምን ትፈልጋለህ?» ሲለው እዚያው ቆሞ በልቡ ጸልዮ ነው መልስ የሰጠው። ረቡዕና ዓርብም አሉልሽ። ሽሮው ሲቀርብ «ዛሬ ለምን ጾምኩ?» ብለሽ ብታስቢ ያም ጸሎት ነው።

አራተኛ፣ የእሁድ ጉዳይ። በደብዳቤሽ ጫፍ ላይ እሁድም ሱቅ እንደምትከፍቺ፣ «እትዬን ለመጠየቅ ፈራሁ፤ የምኖረው እሷ ቤት ነው» ብለሻል። ፍርሃትሽ ይገባናል። ቢሆንም ስትቆጪ አትንገሪያት፤ ገበያ በበዛበት ሰዓትም አትንገሪያት። ቤት ውስጥ ቡና ላይ ስትቀመጡ «እትዬ፣ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ልሂድና ስመለስ ሱቁን ልክፈት፤ ያረፈድኩበትን ከሰዓት እቆይልሻለሁ» በያት። በየሳምንቱ አይሆንም ካለችሽ በሁለት ሳምንት አንዴ ብለሽ ለምኛት። ምናልባት እሷም አንድ ቀን «ቆይ፣ አብረን እንሂድ» ትልሽ ይሆናል።

አምስተኛ፣ የሚጠይቅሽ ሰው ይኑርሽ። የንስሐ አባትሽ ገጠር ቀርተው ከሆነ፣ ከሳቸው ተመካክረሽ ሱቅሽ አጠገብ ካለው ደብር የንስሐ አባት ያዢ። ሥራሽንም ሰዓትሽንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። የጸሎትሽን መጠን እሳቸው ይወስኑልሽ። በንዴት ተነስተሽ ብቻሽን ቃል አትግቢ። ከማታ ተማሪ ጓደኞችሽ መካከል አንዷን ደግሞ «እኔ አንቺን ልጠይቅሽ፣ አንቺ እኔን ጠይቂኝ» በያት። ሰፈርሽ ይሠራልሽ የነበረውን ሥራ አሁን እነዚህ ሁለት ሰዎች ይሠሩልሻል።

የእናትሽን ነገር መጨረሻ ላይ ያመጣነው ከባዱ እሱ ስለሆነ ነው። እውነቱን ንገሪያቸው። ሁሉ እስኪስተካከል አትጠብቂ፤ ከጀመርሽ በሳምንትሽ ንገሪያቸው። «እማዬ፣ ትቼው ነበር። አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ። አሁን በቀን አንድ መዝሙር ጀምሬያለሁ፤ ጸልዪልኝ» በቂ ነው። ሊቆጡ ይችላሉ፤ ሊያለቅሱም ይችላሉ። ግን ፊደል ሳይቆጥሩ መጽሐፍ ጠቅልለው የሰጡሽ እናት ልጃቸው መውደቋን ሰምተው የሚጠሏት አይመስለንም። ከዚያ በኋላ «ጸሎትሽን ታደርሻለሽ?» ሲሉሽ አትሳቀቂም።

ለሌሎቻችሁም አንባብያን ቃላችን ያው ነው። ባጃጅ የምትነዱ፣ ቢሮ የምትውሉ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ከግቢ ጉባኤው የራቃችሁ፣ በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ሆናችሁ «የጥሞና ጊዜ» የምትሉት የተቋረጠባችሁ፣ ጊዜ እስኪገኝ አትጠብቁ። ትንሿን መጠን ያዙ፣ ሰዓቷን ለይታችሁ እወቁ፣ የሚጠይቃችሁ ሰው ፈልጉ።

እኅታችን፣ መጽሐፉን ከነጠላው ፍቺው። የምትገልጪው ቀን ማክሰኞ ከሆነ ከማክሰኞ ጀምሪ። ከአምስት ወር በኋላ ዳዊቱ የት እንደደረሰ ጻፊልን። በርቺ!