በሴንትራሊያ የተፈጸመው ግፍ ውጉዝ ነው

በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት ሴንትራሊያ የምትባል የከሰል ቆፋሪዎች ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1890 ከ2 ሺህ 700 በላይ ነዋሪ ነበራት። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ የተገኙባት ሰዎች 5 ብቻ ናቸው። ከሥሯ ያለው የድንጋይ ከሰል ከ1962 ጀምሮ እየነደደ ነው፤ ዛሬም አልጠፋም። ታሪኳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው እንደ ጎርፍ ወይም እንደ መሬት መንቀጥቀጥ፣ ማንም ሊመልሰው እንደማይችል መዓት ተደርጎ ነው። ይህ አነጋገር በዳዮችን ነጻ ያወጣል፤ ስለዚህ አልቀበለውም። እሳቱ ከመነሳቱ በፊትም ሆነ ከተነሳ በኋላ ሊያስቆሙት የሚችሉ ነበሩ፤ ሥልጣኑም ገንዘቡም በእጃቸው ነበር። በየጊዜው የማጥፊያውን ዋጋ ተመኑ፤ በየጊዜውም የከተማዋን ሰው ከዋጋው አሳንሰው አዩት። ይህን ተመንና ተማኞቹን በአደባባይ አወግዛለሁ።

አስቀድመው ሊወገዙ የሚገባቸው ቆፍረው የሄዱት ናቸው። የሴንትራሊያ ከሰል አንትራሳይት ነው፦ ጠንካራ፣ ጭሱ ጥቂት፣ ሙቀቱ ብዙ፣ በገበያም ተፈላጊ። ኩባንያዎቹ ጣሪያው እንዳይናድ የከሰል ምሰሶ እያስቀሩ፣ በምሰሶዎቹ መካከል ያለውን እያወጡ፣ የተራራውን ሆድ ባዶ አደረጉት። ከ1929 የገበያ ውድቀት በኋላ የሊሃይ ቫሊ የከሰል ኩባንያ በአካባቢው የነበሩትን አምስት የከሰል ማውጫዎች ዘጋ። ሥራ አጥ የሆኑት ቆፋሪዎች ልጆቻቸውን ለማብላት ያለ ፈቃድ እየገቡ የቀሩትን ምሰሶዎች መሸርሸር ያዙ፤ ዋሻዎቹም እየተናዱ ሄዱ። እነዚህን ሰዎች ለመኮነን አፌን አልከፍትም፤ ከዚያ ጨለማ ያወጡት የዕለት ጉርስ ነው። ሀብቱን በባቡር ጭነው የወሰዱት ግን ለከተማዋ የተዉላት ከእግሯ ሥር የተቦረቦረ መሬትና በየኮረብታው ያልተደፈነ የዋሻ አፍ ነው። ትርፉን የወሰደ ጉድጓዱን የመድፈን ዕዳ አለበት። ያንን ዕዳ ሳይከፍሉ ሄዱ።

ሁለተኛው ክስ እያወቁ ቸል ያሉትን ይመለከታል። የከተማዋ ምክር ቤት ቆሻሻ መጣያ ያደረገው በመካነ መቃብር አጠገብ የነበረን አሮጌ የከሰል ጉድጓድ ነው። በእንዲህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ የሚነሳ እሳት ወደ ከሰሉ ሊዛመት እንደሚችል የግዛቱ መንግሥት ያውቅ ነበር፤ በ1956 ይህንኑ የሚቆጣጠር ሕግ አውጥቷል። የመንግሥት ተቆጣጣሪም ቦታውን አይቶ፣ በግድግዳውና በወለሉ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች በማይቃጠል ነገር መደፈን እንዳለባቸው አሳስቦ ነበር። ነገሩን ለዓመታት የተከታተለው ጋዜጠኛ ዴቪድ ዲኮክ እንደጻፈው፣ ለወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ በዓል ከተማዋ እንድትጸዳ ተብሎ ሜይ 27 ቀን 1962 ቆሻሻው ላይ እሳት ተለቀቀበት። ውኃ ቢያፈሱበትም ከሥር ከሥሩ መጤሱን አላቆመም፤ ሳይደፈን በቀረ አንድ ቀዳዳም ወደ አሮጌዎቹ ዋሻዎች ገባ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ቀን ነበር። ፔንሲልቬንያ የከሰል እሳትን ጠባይ ከሴንትራሊያ አልተማረችም። እዚያው ግዛት ውስጥ በሎረል ረን የተነሳው እሳት ከ1915 ጀምሮ ሲነድ ኖሯል። በዚያ ላይ በኦገስት 1962 በሴንትራሊያ ዙሪያ ባሉ ማውጫዎች ገዳይ መጠን ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ተገኝቶ ሥራ እንዲቆም ተደርጓል። አደጋው ተለክቷል፤ ማስጠንቀቂያውም ደርሷል። ታዲያ ለማጥፊያ የተመደበው ምን ያህል ነበር? ለመጀመሪያው ቁፋሮ ወደ 20 ሺህ ዶላር። ተቋራጩ የእሳቱን ዳርቻ ፈልጎ እንዳይቆፍር ተከለከለ፤ እሳቱን እጅግ አሳንሶ በገመተው ዕቅድ ብቻ እንዲሠራ ታዘዘ። ቁፋሮው አየር ከፈተለት፤ እሳቱም ከቆፋሪው ቀድሞ ሮጠ። ገንዘቡ በጥቂት ወራት ውስጥ አለቀ፤ ሥራው ቆመ። ቀጥሎ የተፈጨ ድንጋይ በውኃ እየገፉ ዋሻውን ለመሙላት ተሞከረ። ክረምቱ የውኃውን ቧንቧ አቀዘቀዘው፤ በማርች 1963 ይኸኛውም በጀት አለቀና ሥራው ተቋረጠ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የፌደራሉ የማዕድን ቢሮ ከመሬት በታች የአመድ ግድግዳ ለመሥራት ተነሳ፤ እሳቱ ግድግዳውን አልፎ ሄደ። በጀቱ በእሳቱ ስፋት ልክ ተለክቶ አያውቅም። የተለካው ከካዝናው ለማውጣት በማያሳሳው መጠን ነበር። የሚያሳፍረውም ይህ ነው።

እሳቱ በዚህ መካከል ሥራውን ይሠራ ነበር። የከሰሉን ምሰሶ ይበላል፤ ምሰሶው ሲያልቅ ጣሪያው ይናዳል፤ መሬቱ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ አየር ይገባል፤ አየሩ ደግሞ ለእሳቱ አዲስ ጉልበት ይሆነዋል። በዚያው ስንጥቅ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ወደ ቤቶቹ ምድር ቤት ይወጣል። ሰዎች እንቅልፋቸውን የሚተኙት ጋዝ የሚለካ መሣሪያ አጠገባቸው አስቀምጠው ሆነ። በ1979 የከተማዋ ከንቲባና የነዳጅ ማደያ ባለቤት የነበሩ ሰው ከመሬት በታች የተቀበረ ታንካቸው ውስጥ ያለውን ቤንዚን ቢለኩት፣ ሙቀቱ ወደ 78 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ተገኘ። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1981 ደግሞ አንድ የኮንግረስ አባልና ሌሎች ባለሥልጣናት ከተማዋን እየጎበኙ ሳለ፣ አንድ የ12 ዓመት ልጅ በአያቱ ግቢ የቆመበት መሬት ከእግሩ ሥር ከዳው። ጉድጓዱ 45 ሜትር ያህል ጥልቀት ነበረው፤ የሚወጣበትም እንፋሎት በገዳይ ጋዝ የተሞላ ነበር። የዛፍ ሥር ጨብጦ ተንጠለጠለ፤ ጎትቶ ያወጣው ሌላ ልጅ፣ የአጎቱ ልጅ ነበር። ለ19 ዓመታት መንግሥታት ሊያደርጉት ያልቻሉትን የማዳን ሥራ አንድ ልጅ በባዶ እጁ ሠራው። አገሩ ሴንትራሊያን ልብ ብሎ ያያት ከዚህ በኋላ ነው። የሕፃን ነፍስ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ካልተንጠለጠለ የማይሰማ ጆሮ ውጉዝ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ተመን ከሁሉም የከፋ ነበር። በ1983 የወጣ ጥናት እሳቱን ቆፍሮ ለማውጣት እስከ 663 ሚሊዮን ዶላር ሊያስፈልግ እንደሚችል ገመተ። ኮንግረስ ደግሞ 42 ሚሊዮን መደበ፤ ነዋሪውን ለማንሳት። በ20 ሺህ ዶላር ቸልታ የተጀመረው እዚህ ደረሰ፤ ይህ ሁሉ ልዩነት የእሳቱ ሥራ አይደለም፣ የመዘግየት ዋጋ ነው። ዋጋውን የከፈሉትም የዘገዩት አይደሉም። ነዋሪዎቹ በ1983 ሲጠየቁ 345ቱ መልቀቅን፣ 200ው መቆየትን መረጡ። እሳቱ አጠገብ ያለው «ልጆቼን ላድን» ሲል፣ ከእሳቱ ራቅ ያለው «ቤቴን ለምን ልተው» አለ፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ የኖሩ ጎረቤታሞች ተኳረፉ፣ ተቃቃሩ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። እነርሱን እርስ በርስ ያጣላው የመንግሥት ቸልተኝነት ነው፤ ለዚህ ጠብ እስከ ዛሬ ይቅርታ የጠየቀ የለም።

ከ1 ሺህ በላይ ሰዎች ካሣቸውን ተቀብለው ሄዱ፤ ወደ 500 የሚሆኑ ቤቶችና ሕንጻዎች ፈረሱ። መሄድ ያልፈለጉት የደረሰባቸው ሌላ ነው። በ1992 የግዛቱ ገዥ ቦብ ኬሲ ለሕዝብ ጥቅም ንብረት የመውሰድ ሥልጣንን ተጠቅመው የቀሩትን ቤቶች በሕግ ወሰዷቸው፤ ሰዎቹ በገዛ ቤታቸው ሕገ ወጥ ነዋሪ ተባሉ። በ2002 ፖስታ ቤቱ የከተማዋን ኮድ ሰረዘ። በ2009 በገዥው ኤድ ሬንደል ዘመን የማስወጣቱ ሥራ ተጀመረ። ነዋሪዎቹ ከእግራቸው ሥር ያለው አንትራሳይት ተፈልጎ ነው ብለው በፍርድ ቤት ተከራከሩ፤ በ2013 በተደረሰ ስምምነት ዕድሜያቸውን እዚያው እንዲጨርሱ ተፈቀደላቸው፤ ቤታቸውን ግን ለልጆቻቸው አያወርሱም። እሳቱን ለማቆም ክንዱ የዛለ መንግሥት ሽማግሌዎችን ከቤታቸው ለማስወጣት ሲሆን እንዴት ጉልበት አገኘ? ይህ ኃይል በ1962 ቢገለጥ ኖሮ ሴንትራሊያ ዛሬ ከተማ ነበረች።

የሌላውን መከራ ትዕይንት ያደረጉትም ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም። በ1990ዎቹ የተዘጋው የ61 ቁጥር አውራ ጎዳና ለዓመታት የሥዕልና የጽሑፍ መለቅለቂያ ሆኖ ነበር፤ በ2020 አፈር እስኪለብስ ድረስ ከሩቅ የመጡ ሰዎች «የሲኦል ደጃፍ» አገኘን እያሉ ፎቶ ይነሱበት ነበር። ሴንትራሊያ የማንም ሲኦል አይደለችም። ሰው የተወለደባት፣ የተዳረባት፣ የተቀበረባት ስፍራ ናት። በኮረብታዋ ላይ ያለው የዩክሬን ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ቆሟል፤ ከተበተኑት ለጸሎት የሚመለሱ አሉ። መካነ መቃብሮቿም ባለቤት አላቸው።

ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ነው የሚል ቢኖር ወደ ሕንድ ይመልከት። በጃርካንድ ግዛት ጃሪያ ውስጥ የመጀመሪያው የከሰል እሳት የተመዘገበው በ1916 ነው። የግል ባለቤቶች በአግባቡ ሳይደፍኑ የተዉትን ማውጫ በ1970ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ወረሰው፤ እሳቱም አብሮ ተወረሰ። ነዋሪውን ለማስፈር ትልቁ ዕቅድ የጸደቀው በ2009 ነው። ዛሬም በዚያች መሬት ላይ ሕፃናት ጭስ እየማጉ ከሰል ይለቅማሉ፤ ቤቶች ይሰነጠቃሉ፤ መሬት ሰው ይውጣል። የሴንትራሊያን ስሌት በመቶ ሺዎች ሕይወት ላይ የሚደግሙትን ሁሉ በዚሁ ቃል አወግዛለሁ።

ገንዘብ ጠፍቶ ነበር የሚለውም ሰበብ አይቆምም። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1977 ከሚወጣው ከሰል ላይ ክፍያ እየተሰበሰበ የተተዉ ማውጫዎች እንዲጠገኑ ሕግ አወጣ፤ በ2021 ደግሞ ለዚሁ ሥራ ከ11 ቢሊዮን ዶላር በላይ መደበ። ለሥራው የሚሆን ገንዘብ እንዳለ ይህ ራሱ ምስክር ነው፤ ያልነበረው ፈቃድ ነው።

ስለዚህ ውግዘቱ ከጥያቄ ጋር ይቀርባል። ከሰል ለመቆፈር ፈቃድ የሚጠይቅ ሁሉ የመድፈኛውን ገንዘብ የመጀመሪያው አካፋ መሬት ሳይነካ ያስይዝ። እሳት ሲነሳ በጀቱ በእሳቱ ስፋት ይመደብ፤ ሥራው ሳያልቅ በጀት አለቀ ብሎ መሄድም በሕግ ይከልከል። ሰው ከቤቱ እንዲነሳ ሲያስፈልግ ቀድሞ ይጠየቅ፤ ካሣው ሙሉ ይሁን፤ የሚቀርም በክብር ይቅር። የፔንሲልቬንያ መንግሥትም ለሴንትራሊያ ልጆች፣ ለሄዱትም ለቀሩትም፣ በይፋ ይቅርታ ይጠይቅ፤ በ1992 የወሰደውን የቤት ባለቤትነት በሕይወት ላሉት ይመልስ፣ ለወራሾቻቸውም ያስተላልፍ። እሳቱን ማጥፋት ከእንግዲህ ላይቻል ይችላል፤ የተነጠቀን ቤት መመለስ ግን ዛሬም ይቻላል፤ የሚያስፈልገውም አንድ ፊርማ ነው።