በሁለት እጅ መቀበል

የባዕድ ቋንቋ የሚያስተምር ሰው አስቀድሞ ከተማሪው ሊማር ይገባዋል። እኛም በደቡብ ኮሪያ፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሐምሌ ወር፣ በአንድ የልጆች ካምፕ እንግሊዝኛ ስናስተምር ይህንኑ ተረዳን። ልጆቹ እርሳስ ሲሰጣቸው፣ በጨዋ ደንብ እንዳደገ ያገራችን ልጅ፣ እጅ ነሥተው በሁለት እጃቸው ይቀበላሉ፤ በማዕድም ታላቅ ሳይጀምር ታናሽ አይቀምስም።

የካምፑ ደንብ ግን ከእንግሊዝኛ በቀር እንዳይነገር ያዝዝ ነበር። በኮሪያ ቋንቋ የ«ፈ» ድምፅ የለምና አንዲት ብላቴና «ፊሽ» ለማለት «ፒሽ» ብትል የለመዱት ሳቁባት፤ እርስዋም ሁለት ቀን ዝም አለች። ደንቡ መናገርን እንጂ መጻፍን አልከለከለምና ስሟን በፊደሏ ጽፋ እንድታስተምረን ለመንናት። ይህን ፊደል ንጉሥ ሴጆንግ በ1446 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ያወጀው፣ የቻይና ጽሕፈት የከበደው ተራ ሕዝብ እንዲጽፍበት ነው። እርሳሱን በሁለት እጃችን ተቀብለን ስንከተላት ፈገግ አለች፤ በማግሥቱም አንደበቷ በእንግሊዝኛ ተፈታ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን የውጭ ቋንቋ አስተምሩ፤ ነገር ግን በእናቱ ቋንቋ እንዲያፍር የተደረገ ልጅ በሌላው ለመናገር እንደማይደፍር አትዘንጉ።