ወሰን የሌለው ውክልና

ሳፋሪኮም ኤም-ፔሳን በኬንያ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነበር። ከዚያ ወዲህ ከኢስሊ እስከ ኪሊማኒ በየጥጉ የተቀመጠው የኤም-ፔሳ ወኪል በየቀኑ የስንቱን ሰው ገንዘብ ይቀበላል፣ ይከፍላል። ይሁን እንጂ የአንዱንም ደንበኛ የምስጢር ቁጥር አያውቅም፤ እንዲያውቅም አያስፈልግም። ቁጥሩን ደንበኛው በራሱ ስልክ ላይ፣ በራሱ ጣት ያስገባል። ወኪሉ የሚደርሰው ጉዳዩ መፈጸሙን የሚገልጽ መልእክት ብቻ ነው። ወኪልነትና ቁልፍ ያዥነት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የናይሮቢ ነዋሪ ከማንም አስቀድሞ ያውቃል።

ዛሬ ሌላ ዓይነት ወኪል መጥቷል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው ይህ ወኪል የሰውን ደብዳቤ ያነባል፣ ትኬት ይቆርጣል፣ ሒሳብ ይከፍላል። ይህን ለመፈጸም ግን የይለፍ ቃል ያሻዋል። ስለዚህም የይለፍ ቃሉን ከተቆለፈበት ካዝና እያወጣ የሚያቀብለው መሣሪያ ይሠራለታል። መሣሪያው ምን እንደሚያደርግ የሚገልጽ መመሪያም ይጻፍለታል። ክርክሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

መመሪያው የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው፣ «የአገልግሎቱን ስም ስጥ፤ የይለፍ ቃሉን ትቀበላለህ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃዋለች የሚሉ አሉ። ለመሆኑ የዚህ መመሪያ አንባቢ ማን ነው? ቀድሞ የመሣሪያ መመሪያ የሚያነበው ሰው ነበር፤ ሰውም የጎደለውን በልማዱና በኅሊናው ይሞላዋል። ዛሬ ግን መመሪያውን አንብቦ መሣሪያውን መቼና እንዴት እንደሚጠቀም የሚወስነው ወኪሉ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተባለው መስፈርትም የእያንዳንዱ መሣሪያ መግለጫ ለወኪሉ በተራ ቋንቋ እንዲቀርብለት ያደርጋል። እንግዲህ ቃሉ ማብራሪያ ብቻ አይደለም፤ ሥልጣን ነው። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል የሚለው የአበው አባባል ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

የኢትዮጵያ ሕግ ይህን ጉዳይ ከኮምፒዩተር ዘመን በፊት አስቦበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልናን ከልዩ ውክልና ይለያል። ጠቅላላ ውክልና ያለው ሰው ንብረት ከማስተዳደር ያለፈ ሥልጣን የለውም፤ በቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ ወይም ስጦታ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። ወካዩም ውክልናውን መሻር ይችላል። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ወሰንም ሆነ የመሻሪያ መንገድ የሌለው ውክልና ናት።

«መኪና ሰው አይደለም፤ የውክልና ሕግ ምን አገናኘው?» የሚል ይኖራል። መልሱ ከጥያቄው ውስጥ አለ። ሰው የሆነ ወኪል ከሥልጣኑ ቢያልፍ ይከሰሳል፣ ካሣ ይከፍላል። መኪናው ግን አይከሰስም፤ ጉዳቱን የሚሸከመው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ወሰኑ ከሰው ወኪል ይልቅ ለዚህኛው ሊጠብቅ ይገባል።

አደጋውም የምናብ አይደለም። ወኪሉ የሚያነበው ደብዳቤ ወይም ሰነድ ውስጥ ተንኮለኛ ሰው «የይለፍ ቃሉን ወደዚህ ላክ» የሚል ትእዛዝ ሊሸሽግ ይችላል፤ ወኪሉም የጌታውን ቃል ከባዕድ ቃል ሁልጊዜ አይለይም። አንድ ጊዜ ወደ ወኪሉ ንባብ የገባ ምስጢር በሥራ መዝገብም ተጽፎ ሊቀር ይችላል። መድኃኒቱ ግን የታወቀ ነው። ቁልፉ ለወኪሉ ሳይታይ፣ ከእርሱ ውጭ ያለ ሌላ አገልጋይ በሩን ይክፈትለት። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ኦውዝ 2.0 የተባለው መስፈርትም የይለፍ ቃልን ሳያካፍሉ፣ ወሰን ያለው ፈቃድ መስጠት እንዲቻል የተዘጋጀ ነው። መሣሪያው እንዲህ ከተሠራ በኋላ መመሪያው አራት ነገር በግልጽ ይናገር፤ ፈቃዱ ለየትኛው ሥራ ነው? እስከ መቼ ይጸናል? የባለቤቱን ይሁንታ የሚጠይቀው የቱ ነው? እንዴትስ ይሻራል?

ይህ ሥራን ያጓትታል የሚሉ የኬንያን የ2019 የመረጃ ጥበቃ ሕግ ያስታውሱ። የግል መረጃ ከተሰበሰበበት ዓላማ ውጭ እንዳይውል ሕጉ ያዛል። ዓላማውን የማይናገር መመሪያ ታዲያ ሕጉን በምን ያከብራል?

ጉዳዩ ለናይሮቢው ሐበሻ ሩቅ አይደለም። ቅጹ በማያውቀው ቋንቋ ተጽፎበት የይለፍ ቃሉን ለሳይበር ቤት ልጅ አስረክቦ ጉዳዩን የሚያስፈጽም ወገን ጥቂት አይደለም። እርሱ የሚተማመነው በአደራ ነው፤ ልጁን ስለሚያውቀው፣ ነገም ስለሚያገኘው። አዲሱ ወኪል ግን ፊትም ሰፈርም የለውም። ያለው አደራ በመመሪያው ላይ የተጻፈው ብቻ ነው፤ ያልተጻፈ ከሆነ ደግሞ ምንም አደራ የለም።