ኮፍያው ይውለቅ

በዳሚ ከምንኖር ስደተኞች መካከል ስለ ራስ ፀጉሩ ብሎ የሚመጣ ወንድ ጥቂት ነው። የሚያሳየውም ሌላውን ሕመሙን ነግሮን ከጨረሰ በኋላ፣ ሊወጣ ሲል ኮፍያውን ከፍ አድርጎ «ሲስተር፣ እስቲ ይቺንም ይመልከቱልኝ» በማለት ነው። ራሰ በራነት የዕድሜና የዘር ጉዳይ ነው እንላለን፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጠባሳ ጥሎ ፀጉርን ከሥሩ የሚያጠፋ በሽታም አለ። በዚህ የጠፋ ፀጉር ተመልሶ አይበቅልም፤ ማትረፍ የሚቻለው የቀረውን ነው።

እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። ማጅራቱ ላይ ጠጣር እባጮች የወጡበትን ጎልማሳ በደንብ ሳልመረምር የቆረቆር ቅባት ሰጥቼ ሸኘሁት። (ቆረቆርም ቢሆን የሚዋጥ መድኃኒት እንጂ ቅባት ብቻ አይበቃውም።) ከወራት በኋላ ሲመለስ እባጮቹ ተያይዘው ጠባሳ ሆነዋል፣ ፀጉሩም የለም። ይህ ሕመም በተለይ ፀጉረ ጥቅልል ወንዶችን የሚይዝ ሲሆን፣ ማጅራትን እስከ ቆዳው መላጨት ያባብሰዋል። ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም።

አዲስ አበባ ብንሆን እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ወደተቋቋመው፣ ዛሬ ሌላውንም የቆዳ በሽታ ወደሚያክመው አለርት እንልክ ነበር። እዚህ የመጀመሪያው መሣሪያ ዓይናችን ነው። በሽተኛው ብርሃን ላይ ይቀመጥ። በተራ በራነትና በላሽ የፀጉር ቀዳዳዎች በአብዛኛው ይታያሉ፤ በጠባሳው ዓይነት ግን ተደፍነው ቆዳው ለስልሶ ያብለጨልጫል። መሃሉን ብቻ አይታችሁ አትተዉ፤ በሽታው ገና የሚሠራው ጠርዙ ላይ ነው። ሐኪምም ለላቦራቶሪ ናሙና የሚቆርጠው ብዙውን ጊዜ ከዚያው ነው። መቅላት፣ መግል፣ ከአንድ ቀዳዳ እንደ ብሩሽ የበቀለ ብዙ ፀጉር ካለ ወይም በሽተኛው ያቃጥለኛል ካለ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይላክ። ፊትና ጆሮም ይታይ፤ ሉፐስ እዚያም ምልክት ይተዋልና።

በእኔ አስተያየት ለዚህ ሥራ ከጤና ባለሙያው ይልቅ ፀጉር አስተካካዩ ይቀርባል። ማጅራታችንን በየሁለት ሳምንቱ የሚያየው እሱ ነው። በሚቀጥለው የበጎ ፈቃደኞች ሥልጠና ላይ የሰፈራችን ፀጉር አስተካካዮችም እንዲጠሩ አሳስባለሁ።