ኃይሉ ሲያንስ መርዙ ለምን ይበዛል?

በማስተማር ልምምድ በወጣንበት አንድ የገጠር ትምህርት ቤት፣ ከመካከላችን አንዱ የምግብ ሰንሰለትን ሲያስተምር ሰሌዳው ላይ ሣር፣ የሜዳ አህያና አንበሳ ሣለ። ልጆቹም በዜማ ደገሙለት። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ግን እጁን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ መርዙን የበላችው አይጥ ናት፤ ድመታችን ታዲያ ለምን ሞተች?» ሲል ጠየቀ። ደወል ተደወለና ጥያቄው ሳይመለስ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የደወሉ ብቻ አልነበረም።

ለዚህ ልጅ አንበሳው ምን ይሠራለታል? ከፈረስ ቤት ደጋ እስከ ቡሬ የበቆሎ ማሳ ብንወርድ የሜዳ አህያ አናገኝም። አይጥ፣ ድመት፣ ጉጉትና ጎተራ ግን በየደጁ አሉ።

ስለ ኃይል የተማርነው ትክክል ነው። ሬይመንድ ሊንደማን በ1942 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ጥናት ወዲህ እንደሚታወቀው፣ ከአንዱ እርከን ወደሚቀጥለው የሚያልፈው ኃይል በግምት ከአሥር አንድ እጅ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ሣሩ 10,000 ቢይዝ ፌንጣዋ 1,000፣ ወፏ 100፣ ጭልፊቱ 10 ይደርሰዋል። ይህን ሁላችንም ለፈተና ሸምድደነዋል።

ግማሹ ትምህርት ግን ቀርቷል። እንደ ዲዲቲ ያለ መርዝ እንደ ኃይል አይባክንም። በውሃ አይሟሟም ለማለት ስለሚያስደፍር በሽንት በቀላሉ አይወጣም፤ ስብ ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቀመጣል። ጭልፊቱ የሚደርሰው ኃይል ጥቂት ስለሆነ ብዙ ወፍ መብላት አለበት፤ የእያንዳንዷንም ወፍ መርዝ አብሮ ያጠራቅማል። እንግዲህ መርዙን የሚያበዛው የኃይሉ ማነስ ራሱ ነው ማለት ነው።

ይህ የፈረንጅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ዲዲቲ በአገራችን ለወባ መከላከያ በየቤቱ ግድግዳ ለብዙ ዓመታት ተረጭቷል። በስምጥ ሸለቆ ተደርጎ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ የዲዲቲና የመሰሎቹን ድምር በአንድ ግራም ስብ ውስጥ ሲለካ በዓሣዎቹ እስከ 10.9፣ በወፎቹ ግን እስከ 148.7 ማይክሮግራም አግኝቷል። ከዲዲቲ የሚገኘው ዲዲኢ ደግሞ የእንቁላልን ቅርፊት የሚያሳሳ ነው።

መርዝ ሁሉ አንድ አይደለም። በጣናና በዓባይ ዳር ዓሣ ለማስከር የሚወቀጠው ብርብራ ዓሣውን ይጎዳል፤ ነገር ግን በፀሐይ ቶሎ ይፈርሳል እንጂ ከእርከን እርከን እየተጠራቀመ አይወጣም። የልጁ ድመትም የሞተችው በመጠራቀም ሳይሆን አይጧ በሆዷ የያዘችውን መርዝ አብራ ስለበላች ሳይሆን አይቀርም። መልሱ ይኸው ነበር፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

አንድ መምህራችን «ገበሬውን ከመድኃኒት አስበረገጉት እንዳትባሉ» ብለውናል። ነቀዝ ጎተራ ሙሉ በቆሎ ዱቄት እንደሚያደርግ የገበሬ ልጆች ነንና እናውቃለን። መድኃኒት አይነካ አላልንም። ያልነው፣ የመርዝ ጀሪካን አጥቦ ውሃ የሚቀዳበት ሰው «ታጥቧል እኮ» ሲለን የምንመልሰው ይኑረን ነው። ማሳ ላይ የተረጨውም በክረምት ጎርፍ ብር ወንዝ ገብቶ ወደ ዓባይ ይወርዳል።

ስለዚህ በትምህርት መርጃ ክፍል ያለው የአንበሳ ሥዕል ቢቀር አይቆጨንም። ጎተራ፣ አይጥ፣ ድመትና ጉጉት ያሉበትን በሁለት ቀለም እንሣል፤ ኃይሉን እየቀጠነ በሚሄድ አረንጓዴ፣ መርዙን እየወፈረ በሚሄድ ቀይ። ካርቶኑን እኛ እናመጣለን፤ ከመምህራኖቻችን የምንለምነው አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። ልምምዱ ሳያልቅ ወደዚያ ክፍል እንመለሳለንና።